ከተቀባዩ ደጃፍ ባሻገር፦ ለከተማ ድሆች የሚሰጥ ገንዘብ እንዴት ይመዘናል?

ለተቸገረ ሰው ስንዴና ዘይት ከመስፈር ይልቅ ጥሬ ገንዘብ በእጁ መስጠት ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለው ክርክር በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ የቆየ ሲሆን፣ ክርክሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው መረጃ ሳይሆን ተከራካሪዎቹ ስለ ድሃ ሰው ባሕርይ አስቀድመው የያዙት ግምት ነው። አንደኛው ወገን ሳይሠራ ገንዘብ ያገኘ ሰው ይሰንፋል፣ አለዚያም ይጠጣበታል ብሎ ሲሰጋ፣ ሌላኛው ወገን የችግረኛን ችግር ከራሱ ከችግረኛው አብልጦ የሚያውቅ ስለሌለ አወጣጡን ለእሱ መተው ይገባል ይላል። ባለፉት 30 ዓመታት ገደማ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ከግምት ወደ ልኬት ተሸጋግሯል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን የገንዘብ ድጋፍ ስትጀምር 506 የገጠር መንደሮችን ለጥናት መርጣ፣ 320ዎቹ ወዲያው እንዲጀምሩ፣ 186ቱ ደግሞ ቆይተው እንዲገቡ በዕጣ መለየቷ ለዚህ ሽግግር እንደ መነሻ ይጠቀሳል። ዘዴው ኋላ ወደ ከተሞች ሲዘልቅ ግን ልኬቱ በገጠር መንደር ከነበረው ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ፤ የከተማ ድሃ በአንድ ሰፈር አድሮ በሌላው የሚሠራ፣ በሦስተኛው የሚገበያይ ሰው በመሆኑ፣ ለእሱ የተሰጠ ገንዘብ ውጤት በእሱ ደጃፍ ላይ አይቆምም። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ ይህን ችግር በዋነኛነት በኢትዮጵያ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ተመርኩዞ ያብራራል።

ግምገማ የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው በዕቅድ የተያዘው ገንዘብ ለስንት ሰው፣ መቼ እንደ ደረሰ የሚያጣራውን ሪፖርት ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ በትክክለኛ ስሙ ክትትል የሚባል ሲሆን፣ ገንዘቡ በመንገድ ላይ እንዳልቀረ ለማወቅ እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ በሰዎቹ ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ምን እንደሆነ አይናገርም። ለውጡን የሚለካው የውጤት ምዘና ይባላል፤ ሥራውም ከሞላ ጎደል አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ እነዚሁ ሰዎች፣ በዚሁ ጊዜ፣ ገንዘቡን ባያገኙ ኖሮ ኑሯቸው ምን ይመስል ነበር? መልሱ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ገንዘቡን የወሰደ ሰው ያልወሰደውን ራሱን ሆኖ ሊጠየቅ አይችልምና። የምዘና ጥበብ ሁሉ የሚውለው ይህን የማይታይ ሁኔታ የሚወክል ሌላ ሰው ወይም ሌላ ሰፈር በመፈለግ ላይ ነው፤ የተገኘው ወኪል በተመራማሪዎች ቋንቋ የንጽጽር ቡድን ይባላል።

የንጽጽር ቡድን ሳይኖር የፊቱን ከኋላው ብቻ ማስተያየት ምን ያህል እንደሚያሳስት የኢትዮጵያ የራሷ አኃዝ ያሳያል። በከተሞች ከድህነት ወለል በታች ይኖር የነበረው ሕዝብ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. 25.7 በመቶ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 14.8 በመቶ ወርዷል። በዚያ መካከል በከተሞች ሴፍቲኔት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረው ከዚህ ልኬት በኋላ ነው። በ2011 ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ግን፣ የተጠቃሚዎችን የበፊትና የአሁን ኑሮ ያስተያየ ማንኛውም ሪፖርት በግንባታው መስፋፋትና በሥራ መገኘት የመጣውን ለውጥ ሁሉ የፕሮግራሙ ፍሬ አድርጎ ባቀረበ ነበር። ተቃራኒውም ያው ነው፤ ዋጋ በናረበት ዘመን የተጀመረ ድጋፍ ተቀባዮቹን ከባሰ ውድቀት አድኗቸው ሳለ፣ ኑሯቸው ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ብቻ ከንቱ ሊባል ይችላል።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ብድር፣ ከኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት፣ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳና አሳይታ በተባሉ 11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ያቀደ ነበር። በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሴፍቲኔት ታላቅ ወንድሙ ሲሆን፣ የከተማው ግን እህል ሳይሰፍር በገንዘብ ብቻ፣ ያውም በባንክ ሒሳብ በኩል እንዲከፍል ሆኖ ተቀረጸ። ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶ ያህሉ መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ አባላት ተብለው በአካባቢ ልማት ሥራ፣ ማለትም በመንገድ ጽዳት፣ በቆሻሻ ማንሳት፣ በቦይ ጠረጋና በችግኝ ተከላ እንዲሰማሩ ተመደቡ፤ የተቀሩት 16 በመቶ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ በጽኑ ሕመም የተያዙና ኑሯቸው ጎዳና ላይ የሆነ ሰዎች ያለ ምንም የሥራ ግዴታ የሚከፈላቸው የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ተባሉ።

የክፍያው ስሌት ቀላል ነበር። ለአንድ የሥራ ቀን 60 ብር ይከፈል ነበር፤ አንድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በወር 5 ቀን ይሠራ ነበር፤ ከአንድ ቤተሰብ ቢበዛ የ4 ሰው ይታሰብ ነበር። ስለዚህ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ በወር 1,200 ብር ያገኝ ነበር ማለት ነው፤ ከዚህም ላይ 20 በመቶው፣ ማለትም 240 ብር፣ በግዴታ ቁጠባ ስለሚያዝ በእጅ የሚገባው 960 ብር ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ቤተሰቡ ሥልጠና ወስዶ፣ 500 ዶላር ገደማ የሚሆን የመነሻ ገንዘብ ተቀብሎ ራሱን ችሎ ይወጣል ተብሎ የታሰበ ሲሆን፣ ይህ መውጣት በፕሮግራሙ ቋንቋ ምረቃ ይባላል። በነገራችን ላይ ምረቃ የሚለው ቃል ራሱ ልኬቱን ሳያዛባው አልቀረም፤ የትምህርት ቤት ተመራቂ ሁሉ ሥራ እንደማያገኝ የታወቀ ሲሆን፣ የሴፍቲኔት ተመራቂ ቁጥር ግን በየሪፖርቱ ከድህነት የወጣ ሰው ቁጥር ሆኖ የሚነበብበት ጊዜ አለ።

ይህ ፕሮግራም ለምዘና የተመቸ የሆነው በአዲስ አበባ በአንድ ጊዜ በሁሉም ወረዳዎች ሊጀመር ባለመቻሉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚገቡትን ወረዳዎች ለመለየት ሕዝብ በተገኘበት ዕጣ ወጣ፤ የጋራ መኖሪያ ቤት ለዓመታት በዕጣ ሲከፋፈል ላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕጣው ወረፋውን ያለ አድልዎ ከመወሰኑ ሌላ ለተመራማሪዎች ትልቅ ስጦታ ነበር። ባለሥልጣናት ድሃ ናቸው ያሏቸውን ወረዳዎች አስቀድመው መርጠው ቢሆን ኖሮ፣ በኋላ የሚታየው ልዩነት የፕሮግራሙ ይሁን የመጀመሪያው የድህነት ልዩነት መለየት ባልተቻለ ነበር፤ ዕጣ ግን ሀብታምና ድሃ አይለይምና፣ ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው ወረዳዎች ከመጀመሪያው በአማካይ ተመሳሳይ እንደነበሩ መገመት ይቻላል። ወረፋ ጠባቂዎቹ ወረዳዎች የንጽጽር ቡድን ሆኑ።

ይህን ዕድል ተጠቅመው ጥናቱን ያካሄዱት ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌመን ኢምቤር፣ ግሩም አበበና ካሮሊና ሜሂያ-ማንቲያ ሲሆኑ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው መጽሔት ታትሟል። የመጀመሪያው ግኝታቸው ለፕሮግራሙ ደጋፊ የማያስደስት ይመስላል። ተጠቃሚዎቹ በሴፍቲኔት ሥራ ሲሰማሩ ቀድሞ በግል ይሠሩት የነበረውን ሥራ በከፊል ትተዋል። ልብስ ስታጥብ ወይም ግንባታ ላይ አሸዋ ስትሸከም የነበረች ሴት ወደ መንገድ ጽዳት ስትሄድ ከቀድሞ ሥራዋ ታገኘው የነበረው ገቢ ይቀርባታል፤ ስለዚህ በኪሷ የተጨመረው ገንዘብ ከተከፈላት ገንዘብ ያነሰ ነው። ምዘናው በተቀባዮቹ ቤት ብቻ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ መደምደሚያው ከዚህ ላይ ያበቃ ነበር፦ መንግሥት ብዙ ይከፍላል፣ ድሃው ግን ያን ያህል አያተርፍም፤ ያውም ከሥራ ይወጣል።

ተመራማሪዎቹ ግን ዓይናቸውን ከተቀባዩ ደጃፍ አሻግረው ወደ ሥራ ገበያው ተመለከቱ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከቀን ሥራ ገበያ በከፊል ሲወጣ ጉልበት ይወደዳል፤ ሠራተኛ የሚፈልግ ሁሉ የተሻለ ለመክፈል ይገደዳል። ይህ የደመወዝ ጭማሪ የሚደርሰው ሴፍቲኔት ላልገቡ ሠራተኞችም ጭምር ነው፤ ስጦታ ላልተሰጠው ሰው የሚተርፈው እንዲህ ያለው ጥቅም ወይም ጉዳት ተሻጋሪ ውጤት ይባላል። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ደግሞ በአጥር የተለያዩ ደሴቶች አይደሉም። ከኮልፌ ተነስቶ መርካቶ የሚሠራ፣ ከየካ ቦሌ የሚመላለስ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በአንዱ ወረዳ የተጀመረው ፕሮግራም የሚያስከትለው የደመወዝ ለውጥ ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ ዕጣ ያልወጣለት ወረዳ ነዋሪም ከዚያ ይቋደሳል። ይህ ለንጽጽሩ ራሱ ፈተና ነው፤ የንጽጽር ቡድኑ ከውጤቱ ተቋዳሽ ከሆነ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ከእውነተኛው ያንሳል፤ ፕሮግራሙም ከሠራው በታች የሠራ ይመስላል።

ይህን ችግር ለመሻገር ጥናቱ ሰዎች ከየትኛው ሰፈር ወደየትኛው ለሥራ እንደሚመላለሱ የሚያሳይ መረጃ ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ወረዳ የሥራ ገበያው ምን ያህል ለፕሮግራሙ እንደ ተጋለጠ አሰላ። በስሌቱ መሠረት ፕሮግራሙ በከተማዋ ሙሉ በሙሉ ቢዘረጋ በግሉ ዘርፍ የሚከፈለው ደመወዝ 18.6 በመቶ ይጨምራል። ከዚህም በላይ የአካባቢ ልማት ሥራው በተካሄደባቸው ሰፈሮች የጽዳቱና የአካባቢው ሁኔታ መሻሻሉ ታይቷል፤ ይህም ከተቀባዩም ከሠራተኛውም አልፎ በሰፈሩ የሚኖር ሁሉ የሚያገኘው ጥቅም ነው። የደመወዙና የአካባቢው ለውጥ አንድ ላይ ሲታሰብ ድሆች ያገኙት ጥቅም፣ ቀጥተኛው ክፍያ ብቻ ሲታይ ከሚገኘው ስድስት እጥፍ ሆኗል። ይህም ማለት ደጃፍ ላይ የቆመው ሒሳብ ከጥቅሙ አምስት ስድስተኛውን እጅ አልቆጠረም ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ግን በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። 18.6 በመቶ የሚለው አኃዝ በቀጥታ በዓይን የታየ ሳይሆን የከተማዋን የሥራ ገበያ በሚወክል የሒሳብ ሞዴል የተሰላ ነው፤ ሞዴሉ ደግሞ ሰዎች በሰፈሮች መካከል እንዴት እንደሚመላለሱና ደመወዝ ለሠራተኛ ቁጥር እንዴት እንደሚመልስ በያዘው ግምት ላይ ይቆማል። በሌላ በኩል የድሃው ደመወዝ ሲጨምር የሚከፍለው ሰው አለ፤ እሱም ሁልጊዜ ትልቅ ኩባንያ አይደለም። ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት፣ ሁለት ረዳት የቀጠረ ብየዳ ቤት፣ በሳምንት አንድ ቀን ልብስ አጣቢ የምትጠራ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ጭማሪውን ይሸከማሉ። ከዚህ ሌላ በአካባቢ ልማት ሥራ የተገኘውን ውጤት እንዳለ ወደ ንጹሕ የገንዘብ ስጦታ ማዛወር አይቻልም። ክፍያው ያለ ሥራ ቢሆን ኖሮ ቦዩ ሳይጠረግ ይቀራል፤ ከገበያ የሚወጣው የጉልበት መጠንም ሌላ ይሆናል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የሥራ ግዴታው ለጊዜው ተነስቶ ክፍያው ስለቀጠለ፣ ያው ፕሮግራም ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የንጹሕ ገንዘብ ድጋፍ መልክ ይዞ ነበር።

ገንዘብ በብዛት ሲገባ ዋጋ ይንራል የሚለው ስጋትም ከተቀባዩ ቤት ውጭ ካልተመለከቱ የማይመለስ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የተሟላው ማስረጃ የመጣው ከምዕራብ ኬንያ የሲያያ አውራጃ ገጠር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 653 መንደሮችን ባካተተ ጥናት ከ10,500 የሚበልጡ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ የተሰጣቸው ሲሆን፣ አጥኚዎቹ በአካባቢው ገበያዎች ያገኙት አማካይ የዋጋ ጭማሪ 0.1 በመቶ ብቻ ነበር፤ አንድ ዶላር ስጦታ ደግሞ በአካባቢው ኢኮኖሚ ወደ 2.5 ዶላር የሚጠጋ እንቅስቃሴ ፈጥሯል። ያልተሰጣቸው ጎረቤቶችም ፍጆታቸው ጨምሯል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በገጠር ሱቆችና ወፍጮ ቤቶች ከአቅማቸው በታች ይሠሩ ስለነበር፣ ገዢ ሲበዛ ዋጋ ሳይጨምሩ ተጨማሪ ማቅረብ መቻላቸው ነው። ይህ ምክንያት ለዳቦና ለሳሙና በከተማም ሊሠራ ይችላል፤ ለቤት ኪራይ ግን መሥራቱ ያጠራጥራል። ክፍል በአንድ ወር አይሠራም፤ ተከራዩ የተሻለ ገቢ እንዳለው ያወቀ አከራይም ጭማሪውን ለመጠየቅ ብዙ አይዘገይም። በከተማ የሚደረግ ምዘና የኪራይን ነገር ከተወ ትልቁን ቀዳዳ ትቷል።

ከተቀባዩ ደጃፍ ቀጥሎ ሁለተኛው የምዘና ወሰን ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ የተደረገ አንድ ሌላ ጥናት ይህን ከማንም አብልጦ ያስተምራል። ክሪስቶፈር ብላትማን፣ ስቴፋን ደርኮንና ሳይመን ፍራንክሊን በአምስት ቦታዎች ፋብሪካ ለመቀጠር ካመለከቱ ወጣቶች መካከል በዕጣ አንዳንዶቹ ሥራው እንዲሰጣቸው፣ አንዳንዶቹ ከአጭር ሥልጠና ጋር 300 ዶላር ገደማ የሚሆን ገንዘብ እንዲያገኙ፣ ሌሎቹ ደግሞ ምንም ሳያገኙ እንዲቆዩ አደረጉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘቡን ያገኙት ሰዎች ገቢ ካላገኙት በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ሪፖርት ቢጻፍ፣ እንደ ብዙዎቹ የፕሮጀክት ሪፖርቶች፣ የድል ዜና ይሆን ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ገንዘቡን ያገኙት ከጀመሩት ጥቃቅን ንግድ ብዙዎቹ ወጥተው ነበር።

ይህን ውጤት እንደ ውድቀት የሚያነቡ ሰዎች አሉ፤ ንባቡ ግን ሙሉ አይደለም። ልዩነት መጥፋቱ ተቀባዮቹ ወደ ነበሩበት ተመለሱ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ያልተቀበሉትም በራሳቸው መንገድ ደርሰውባቸው ሊሆን ይችላልና። አንድን ወጣት በችግሩ ጊዜ ሁለት ዓመት ያሻገረ ገንዘብ፣ በአምስተኛው ዓመት ቆጠራ ላይ ዱካው ስላልተገኘ ብቻ ባክኗል ሊባል አይገባም። የሚፈርሰው ግን አንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ሰውን ለዘለቄታው ከድህነት ያወጣዋል የሚለው ተስፋ ነው፤ ይህም የ500 ዶላሩን መነሻ ገንዘብና የሦስት ዓመቱን ምረቃ ለሚያቅዱ ሰዎች የሚያሳስብ ነገር ነው። ግሩም አበበና አምስት ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ያደረጉት ጥናትም በዚሁ አቅጣጫ ያመለክታል። ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ የተሰጣቸውና ማመልከቻ አጻጻፍና ችሎታን የማሳየት ሥልጠና የተሰጣቸው ወጣቶች በመጀመሪያ ሁለቱም በመደበኛ ሥራ የመቀጠር ዕድላቸው ጨመረ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን የሥልጠናው ጥቅም በገቢ ጭምር ሲታይ፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ውጤት ጠፍቶ ነበር።

ጊዜ በሌላ መንገድም ሒሳቡን ይበላዋል። በቁርጥ ብር የተወሰነ ክፍያ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሳይነካ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኢትዮጵያ ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ30 በመቶ ግሽበት ዘመን በዓመቱ መጀመሪያ 100 ብር የነበረ ክፍያ በዓመቱ መጨረሻ የሚገዛው ቀድሞ በ77 ብር የሚገዛውን ነው። ስለዚህ በዕቅድ ዘመኑ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረጉ ሁለት ምዘናዎች በስም አንድ፣ በእውነት ግን ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞችን ለክተው ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ባንክ 400 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት የከተማው ሴፍቲኔት ሁለተኛ ምዕራፍ ከ80 በላይ ከተሞችን ሲያቅፍና የወጣቶች የሥራ ላይ ልምምድን ሲጨምር፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ የተገኘውን ውጤት እንዳለ ለእሱ ማዋስ የማይቻለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ የተደረጉት ሙከራዎች ስለ ስንፍና የሚነሳውን ክርክር በቀጥታ ይነካሉ። በካሊፎርኒያዋ ስቶክተን ከንቲባ ማይክል ተብስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባስጀመሩት ሙከራ 125 ሰዎች ለሁለት ዓመት በወር 500 ዶላር ያገኙ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ያላቸው ድርሻ ከ28 ወደ 40 በመቶ፣ በንጽጽር ቡድኑ ደግሞ ከ32 ወደ 37 በመቶ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የወጣው ኦፕንሪሰርች የተባለ የምርምር ተቋም ጥናት ግን የተለየ ነገር አሳየ። በቴክሳስና በኢሊኖይ 1,000 ሰዎች ለሦስት ዓመት በወር 1,000 ዶላር፣ 2,000 ሰዎች ደግሞ 50 ዶላር ሲከፈላቸው፣ ብዙ ያገኙት በሳምንት በአማካይ 1.3 ሰዓት ያህል ያነሰ ሠሩ፤ ሥራ ላይ ያሉት ድርሻም በ2 በመቶ ነጥብ ገደማ ዝቅ አለ። ከሁለቱ የኋለኛው በተሳታፊ ብዛትም በጊዜም የሰፋ በመሆኑ ይበልጥ ክብደት ይገባዋል፤ ሆኖም 1.3 ሰዓት ማለት በሥራ ቀን ሲካፈል ከሩብ ሰዓት ብዙ የማይበልጥ ነው። ሰነፉ ብሎ ለመጮህም፣ ምንም አልቀነሱም ብሎ ለመካድም አይበቃም። ስለ መጠጡ ደግሞ ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን መርምረው፣ የገንዘብ ድጋፍ ለአልኮልና ለትምባሆ የሚወጣውን ወጪ እንዳልጨመረ፣ እንዲያውም በአንዳንድ ቦታ እንደቀነሰ አግኝተዋል።

በቨርጂኒያ ግዛት የምትገኘው አሌክሳንድሪያ፣ ለነዋሪዎቿ መረጃ ከምታቀርብባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ የሆነባት ከተማ፣ አራይዝ በተባለው ሙከራዋ 170 ሰዎችን በዕጣ መርጣ ለ24 ወራት በወር 500 ዶላር ሰጥታለች። በአሜሪካ ከተሞች ምዘናው ሊዘነጋው የማይገባ ሌላ ነገር አለ። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የምግብ እርዳታ፣ የሕክምና ዋስትናና የኪራይ ድጎማ የሚያገኘው ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ስለሆነ፣ በአንድ እጅ የገባው ገንዘብ በሌላው በኩል እርዳታ ሊያስቀርበት ይችላል። የተሰጠውን ብቻ የሚቆጥር ምዘና የቀረውን ሳይቀንስ ያልፋል።

ጥያቄ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ለድጋፍ የሚበቃውን ሰው መለየት በሴፍቲኔት ሠራተኞች አነጋገር ልየታ ይባላል። በመጀመሪያ የሰፈር ኮሚቴ ድሃ የሚላቸውን ይጠቁማል፤ ቀጥሎ ገቢን በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ፣ የቤተሰቡን ብዛትና ያለውን ንብረት ቆጥሮ የኑሮውን ደረጃ የሚገምት ቀመር ይሠራበታል። በዚህ ሒደት ሁለት ዓይነት ስህተት ይፈጠራል፤ የማይገባው ይገባል፣ የሚገባው ደግሞ ይቀራል። የመጀመሪያው በተጠቃሚዎች ዝርዝር ላይ ስላለ ይፈለጋል፣ ይገኛልም። ሁለተኛው ግን ዝርዝሩ ላይ የለም። በደባልነት የሚኖር፣ መታወቂያ የሌለው፣ ከገጠር መጥቶ በቀበሌ መዝገብ ያልሰፈረ ሰው ለኮሚቴው አይታይም፤ ጥናቱ የሚጀምረው ከዚያው መዝገብ ከሆነ ለተመራማሪውም አይታይም።

ዝርዝሩ ውስጥ የገባውም ቢሆን መጠይቅ ይዞ በር ያንኳኳውን እንግዳ የሚያየው ከልየታ ኮሚቴው ሰው ለይቶ ላይሆን ይችላል። ተሻሽያለሁ ቢል ከዝርዝር እንዳይወጣ፣ አልተሻሻልኩም ቢል ገንዘቡን ምን አደረግኸው እንዳይባል ይሰጋል። የከተማ ኑሮ ገንዘብ አያያዝም ለቅጽ አይመችም። ክፍያው በገባ ቀን ግማሹ ለሱቅ ዱቤ፣ ከቀሪው ከፊሉ ለዕቁብ፣ ጥቂቱ ለዕድር ሊሄድ ይችላል፤ ንብረት አፈራህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ዕቁቡን ንብረት፣ የተከፈለውን ዱቤም ለውጥ አድርጎ ላይቆጥረው ይችላል። በባለሱቁ ዘንድ እንደገና ታማኝ ሆኖ መገኘት ግን በክፉ ወር ጤፍና ዘይት የሚያስገኝ ዋስትና ነው። ጥሩ መጠይቅ ስለ ዱቤና ስለ ዕቁብ በስማቸው ይጠይቃል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአመዛኙ የሚመለከተው ይሠራሉ፣ ይመረቃሉ የተባሉትን 84 በመቶ ሰዎች ነው። በቀጥታ ድጋፍ ላይ ላሉት 16 በመቶ ግን እነዚያው መለኪያዎች አይስማሙም። ጧሪ የሌላት የ80 ዓመት አሮጊት ንግድ አልጀመረችም፣ ገቢዋ በአምስት ዓመት አልጨመረም ተብላ ልትመዘን አትችልም፤ ከሥራ ገበያ የምትወጣበትም፣ ደመወዝ የምታስወድድበትም መንገድ የለም። ለእሷ የሚስማማው ልኬት በቀን ስንት ጊዜ እንደበላች፣ የታዘዘላትን መድኃኒት ሳታቋርጥ መውሰዷን፣ ባንክ ድረስ የሚወስዳት ሰው ከክፍያው ላይ ይቆርጥ እንደሆነና፣ ገንዘቡ በየወሩ በስንተኛው ቀን ሒሳቧ እንደገባ የሚጠይቅ ነው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከላይ ክትትል ተብሎ ከውጤት ምዘና የተለየው ሪፖርት ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ክፍያው ሦስት ሳምንት ሲዘገይ ያን ሦስት ሳምንት በዱቤ ለምትበላ ሴት ግን ቀኑ ራሱ ውጤት ነው።